አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ

ስፌት ማንም አላስተማረኝም፤ ልብስ ሰፊው አጎቴ የጣላቸውን ኮቶች እየተረተርኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ አጎቴም የሚወጣበትን ቀን በጉጉት ይጠብቃል።

የእህቴ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ትጀምራለች። የደንብ ልብሷን ርዝመት ልለካ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና «ዙሪ» አልኳት።

«አልዞርም! መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ሳልወለድ የት ነበርኩ?»

«እናትሽ ሆድ ውስጥ።»

«ከዚያስ በፊት?»

አጎቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። «እስቲ መልሺ እንግዲህ፣ የእኛ ሊቅ!» አለኝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

በከንፈሬ የያዝኩትን ስፒል አወጣሁ። ብዋሻት ታምነኛለች፤ ክፋቱም እሱ ነው።

«አላውቅም» አልኩ። እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ቧጥጦኝ ወጣ። አጎቴ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ልጅቷ፣ ከንፈሯን ጥላ።

የቀሚሷን ጫፍ ገልብጬ አሳየኋት። «ይኸውልሽ፣ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌያለሁ፤ ስታድጊ ተፈትቶ ይረዝምልሻል። ጥያቄሽንም እዚሁ አጥፈን እንስፋው። በየዓመቱ እየፈታን አብረን እናየዋለን።»

የታጠፈውን ጨርቅ በጣቶቿ ለካች።

«እንግዲያው አምስት ጣት አድርጊው፤ ሌላም ጥያቄ አለኝ» ብላ ዞረችልኝ።