አንዲት ሴት ትኑር

በተቋማችን ሴት ተመራማሪ እኔ ብቻ ነኝ። "በየኮሚቴው አንዲት ሴት ትኑር" የሚል መመሪያ ስላለ የማልገባበት ኮሚቴ የለም፤ መኪና ሳይኖረኝ የመኪና ማቆሚያ ኮሚቴ ውስጥ እንኳ አለሁ። ወንዶቹ ላቦራቶሪ ሲውሉ የእኔን ምርምር ውሃ በላው። ሻይ እንኳ አብሮኝ የሚጠጣ የለም።

ሁለተኛ ሴት ተመራማሪ ተቀጠረች ሲባል እልል ማለት ነበር የቀረኝ። በመጀመሪያ ስብሰባዋ ቀን ቀድሜ ገብቼ ከጎኔ ያለውን ወንበር በቦርሳዬ ያዝኩላት።

ኃላፊያችን ሲያየኝ ሳቀ። "አንቺማ ተገላገልሽ እኮ! ከእንግዲህ እሷ አለችልን፤ አንድ ሴት ትበቃለች።"

ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ልጅቷን በሩ ላይ አገኘኋት።

"እህቴ፣ የት ጋ ልቀመጥ?" አለችኝ።

የራሴን ወንበር አሳየኋት።