መንገድ ላይ መርዶ አይነገርም

ኢዮሲያስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከመኪናው ኋላ ዞር አለና ለሚስቱ «መጣሁ» የሚል ምልክት በእጁ ሰጣት። ሀሴት ግን መች አየችው! በጃፓን ገጠር መንገደኛ አረፍ የሚልበት፣ የአካባቢው ገበሬም ያመረተውን የሚሸጥበት ማረፊያ ነው የቆሙት፤ እሷ ከመኪና ሳትወርድ ጀምራ ዓይኗ ገበያው ላይ ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ጋሽ አምሳሉ ከሜልበርን። የሀሴት አጎት ናቸው። «ኃይለመስቀል ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ። በእንቅልፉ ነው። ወንድሜ ተለየኝ።»

ኢዮሲያስ ፊቱን ከገበያው አዞረ። ከአማቱ ጋር ትናንት ማታ ነው በቪዲዮ ያወሩት። ጃፓኖች ጥሬ ዓሣ ይበላሉ ቢሏቸው ሲያማትቡ ነበር።

«እሷ እንዳትሰማ!» ቀጠሉ ጋሽ አምሳሉ። «ሐሙስ ስትመጡ ዋይንድሃም ቬል ቤታችሁ ሰው ይሰበሰባል፤ ማልደን እኛው እንነግራታለን። ቀብሩም እሷን ይጠብቃል።»

«ጋሼ፣ አራት ቀን ሙሉ እንዴት አድርጌ እደብቃታለሁ? እርስዎ ያውቋታል።»

«ቻለዋ! ወንድ አይደለህ? መንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። ራሷን ብትፈጠፍጥ ማን ይይዝልሃል?»

«እሺ» አለ። ሌላ ምን ይበል? ስልኩን ዘጋና ለጉዞው የተከራዩትን ኪስ ውስጥ የሚያዝ ዋይፋይ አጠፋው። የሜልበርን ሐበሻ ወሬ ይቸኩላል፤ አንዱ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ቢለጥፍስ?

ከሁሉም የከበደው ግን ሌላ ነገር ነበር። የሀሴት እናት አዲስ አበባ ሲሞቱ እሷ የነርሲንግ ፈተና ላይ ነበረች። «ፈተናዋን ትጨርስ» ተብሎ ሁለት ወር ደበቋት። በእነዚያ ሁለት ወራት ለእናቷ ሹራብ ገዝታ ልካለች፤ «እማዬ ለምን አታነሳም?» እያለች ስትጠይቅም ስልኳ ተበላሽቷል ይሏት ነበር። ሳይጋቡ በፊት ኢዮሲያስን ቁጭ አድርጋ «እንደነሱ ካደረግከኝ ዓይንህን አላይም» ብላዋለች። የቀልዷን አልነበረም።

ገበያው ውስጥ ሲደርስባት ነጭ ሽንኩርትና ጎመን መሃል ቆማ እየሳቀች ነበር። በየእስሩ ላይ ያመረተው ገበሬ ስምና ፎቶ ተለጥፏል።

«ኢዮስ፣ እኚህን ሽማግሌ እይልኝ! ቁርጥ አባዬን! አኮራረፋቸው ሳይቀር!»

እውነትም ይመስላሉ። ኢዮሲያስ ሊስቅ ሞከረ፤ የወጣው ግን ሳል ነበር።

«ጎመኑን ይዤለት ልግባ ብል ኤርፖርት ላይ ይቀሙኛል» አለችና ወደ ሌላው መደርደሪያ ሄደች። «ይኸው፣ የጉልበት ማሞቂያ! በእጅ የተሠራ ነው። ሰፈሩ ፊትዝሮይ ትራሙ ፌርማታ ላይ ሲቆም ብርዱ ጉልበቱ ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ ነው ቡናማው? ቆይ፣ ልደውልለትና ራሱ ይምረጥ።»

«ኢንተርኔት የለም።»

«አሁን ካርታ ስናይበት አልነበር?»

«ባትሪው ጨርሷል።»

«መኪናው ላይ ሰክተነው አልመጣንም እንዴ?»

ኢዮሲያስ ሜልበርን፣ ዌሪቢ ባለ መጋዘን የሺፍት ኃላፊ ነው፤ በቀን አርባ ሰው ያዛል። መዋሸት ግን አያውቅበትም፣ ዓይኑን ጎመኑ ላይ ተከለ። ሀሴት ማሞቂያውን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ቅድም ስልክህ ሲጠራ ሰምቻለሁ። ማነው የደወለልህ?»

«ከሥራ። ሺፍት ላይ ሰው ጎድሎ ነው።»

«እስቲ አባዬ ይሙት በለኝ።»

ይኼ የዘወትር መሐላዋ ነው። ለጨው ማነስም፣ ለባቡር መዘግየትም አባቷን ትገድላለች፤ እሱም ከተጋቡ ወዲህ ለምዶት በቀን አምስት ጊዜ ይምላል። ዛሬም ቢላት ነገሩ እስከ ሐሙስ ተዳፍኖ ይቆይ ነበር። ሁለት ቃል እኮ ነው! አፉን ከፈተ። እግዚኦ፣ ምን ብሎ ይማል?

«ኢዮሲያስ!» ድምፅዋ ቀጠነ። በሙሉ ስሙ የምትጠራው ስትቆጣና ስትፈራ ነው።

«ነይ፣ ውጪ እንቀመጥ።»

«አልቀመጥም!»

እጇን ይዞ ወደ ደጅ አወጣት። መኪኖቹ መሃል ሲደርሱ እሷ ቆመች፤ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለች። እሱም ከኋላዋ ዞሮ ሁለት ክንዷን አጥብቆ ያዛት፤ የሚይዛት ሌላ ሰው የለማ።

«አባባ ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል፣ ሀሴቴ። በእንቅልፋቸው ነው።»



«እስከ ሐሙስ ልትደብቀኝ ነበር?» አለችው ሳትዞር።

«አዎ። እሺ ብያቸው ነበር።»

ከዚያ ነው «አባዬ!» ያለችው። ጩኸቷ ገበያውን ሁሉ ጸጥ አሰኘው። ከእጁ ሾልካ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፣ ደረቷን መታች፣ የአባቷን ስም ደጋግማ ጠራች። ሸማቾቹ ከረጢታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ኢዮሲያስ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው፤ «ኧረ ሰው እያየን ነው» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣበት፤ ዋጠው።

ገንዘብ ተቀባይዋ አሮጊት ሁለት ታጣፊ ወንበር አቅፋ እየሮጠች መጣች። ምን እንደሆነ ባይገባትም ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጎንበስ ብላ ወንበሮቹን በሁለት እጇ አቀረበችለት።

እሱም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ አመሰገናት፣ ወንበሮቹንም ሳይዘረጋቸው መኪናው ላይ አስደገፋቸው። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠና «አባባ!» ብሎ ድምፁን ለቀቀው።