ዝም ብላ የሄደችው ልዕልት

ጥናት ማለት ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው የሚሉ ሰዎች ጸጉር ሠሪዋን ያስቋታል። ቁጭ የምትልበት ጊዜ ከየት መጥቶ? ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት እጇ ላይ ነው። ስለዚህ በማታው ትምህርት አንድ ጥንታዊ አሳዛኝ ተውኔት ከነፊልሙ፣ ከነሬዲዮ ድራማውና ከነሐያሲዎቹ አጥንታችሁ አቅርቡ ሲባሉ፣ በምትችለው መንገድ ያዘችው። ያየችውንና ያነበበችውን በማግስቱ ለደንበኞቿ ትተርካለች፤ ሲወራ ደግሞ ነገር አይጠፋትም። ይህን ትምህርት አንዴ ወድቃበታለች። አሁን ደግማ ከወደቀች ምረቃው ውኃ በላው ማለት ነው፤ እናቷ ደግሞ ገና ካሁኑ ልጄ ተመረቀች እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል።

ተውኔቱ አጭርና ጨካኝ ነው። ከተማይቱ በጠላት ተከባለች። ንጉሡ በሩን የከፈተ ሰው ይሙት ብሎ በሕዝብ ፊት ይምላል። በሩን ከፍታ የተጠሙትን ወደ ወንዝ ያወጣችው ግን የገዛ ልጁ ሆና ትገኛለች። ንጉሡ እባክሽ ተናገሪ እያለ ይለምናታል፤ እሷ ትንፍሽ ሳትል ወደ ሞቷ ትሄዳለች። ፊልሙ እዚህ ጋ ዝናብ ያዘንባል፤ ሬዲዮው የእግሯን ኮቴ ብቻ ያሰማል። ሐያሲዎቹም በዚህች ዝምታ ተናክሰዋል። አንዱ ኩራት ነው ይላል፣ ሌላው ፍርሃት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ምን እንደሚል እሱም የገባው አይመስልም።

የጸጉር ቤቱ ሴቶች ግን ዝምታ የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም። ዋናዋ ተቃዋሚ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። እሳቸው ሳይፈቅዱ በቤቱ ውስጥ ማንም አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ፣ በሌሉበት አፈ ጉባኤ ይባላሉ። ጸጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ከጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ብቅ ብለው፣ ይቺ ልጅ አፍ የላትም ወይ ብለው ተቆጡ። ጸጉር ሠሪዋ ነገሩን ለማብረድ ያህል ለልዕልቲቱ ሁለት ቃል ጨመረችላት። ቤቱ በደስታ ቀለጠ። በማግስቱ የመጡት ደግሞ ሁለት ቃል አነሳቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ልዕልቲቱ አባቷን ልክ ልኩን የምትነግረው፣ ንጉሡም አልቅሶ በሩን በገዛ እጁ የሚከፍት ሆነ። ደጋግማ ከማውራቷ የተነሳ የራሷን ከተጻፈው መለየት አቃታት።

ጥናቷን ባቀረበችበት ቀን ሁሉም ነገር አማረላት። መምህሩ፣ ተውኔቱን ሲያስተምሩ ጸጉራቸውን ያሸበቱ ሰው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጧት። እሷም ልቧ ሞልቶ፣ ከሁሉ የምትወደው ልዕልቲቱ ለአባቷ የመለሰችለትን መልስ መሆኑን ተናገረች፤ በቃሏም አነበነበችው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ከየትኛው ዝግጅት እንደተወሰደ በእርጋታ ጠየቋት።

መጽሐፉን ገለጠች። የለም። ቀጣዩንም ገጽ ገለጠች። የለም። ያን ጊዜ መልሱን ራሷ እንደጨመረችው ትዝ አላት። ከጎኗ የተቀመጠው፣ አብሯት የሚማረው የባንክ ሠራተኛ፣ የጠፋ የድሮ ሬዲዮ ድራማ ነው በይ ብሎ ሹክ አላት። ማምለጫው ደህና ነበር፤ ማንም ሄዶ አያጣራም። አፏን ከፈተች፣ ግን ውሸቱ አልወጣ አላት።

«ከእኔ ጸጉር ቤት ነው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው ግን ቀልዱን ተዉት።

«የተውኔቱ ልብ ዝምታዋ ነው፤ አንቺም ደንበኞችሽም ግን ዝምታዋን አልሰማችሁትም» አሏት። «እንደተጻፈ አንብቢላቸው። ሰኞ መጥተሽ የሰማሽውን ንገሪኝ፤ ማለፍሽንና መውደቅሽን ያኔ እናያለን።»

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ድምፁ እንዳይረብሽ ካስኮቹን አጥፍታ፣ ከመስታወቱ ፊት ቆማ ማንበብ ጀመረች። አፈ ጉባኤ በየመሐሉ ገብተው ንጉሡን ረገሙት፣ የበሩን ጠባቂ መከሩት፤ ልማዳቸው ነውና ማንም አልተቀየማቸውም። ንጉሡ ተናገሪ እያለ ወደሚለምንበት ቦታ ስትደርስ የራሷ ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ መጡ። ዋጠቻቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው «ታየዋለች። ትሄዳለች።» የሚል ብቻ ነው። ይህንኑ አንብባ ቆመች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውኃ ሳይቀር ይሰማል።

አፈ ጉባኤ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። «ምነው ልጄ፣ ያቺን ሁለት ቃል ብትሰጪያት ምን ነበረበት?»

 ጸጉር ሠሪዋ ልጁን የለመነውን ንጉሥ ደግማ አሰበችው፤ የማለው እሱ፣ የሚገድለውም እሱ። ሰኞ ለመምህሩ የምትለው ያን ጊዜ መጣላት።

«እትዬ፣ ተናገሪ የሚላት እኮ እሱ እንዲቀለው ነው» አለች። «እኔ ቃሉን ለእሷ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የሰጠሁት ለእሱ ነው።»

አፈ ጉባኤ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያም መልሰው ዘጉት፤ እንዲህ ሲሆኑ ያያቸው ሰው የለም።

«በይ ድገሚው» አሉ። «እኔም ዝም እላለሁ።»