አዲሱ ዛቢያ

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ሂርጳ ተገድሎ ሲገኝ፣ ቀድማ የደረሰችው እናቱ ዲንቄ እሪ አላለችም። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ልጇ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ፣ አጠገቡ ደም የነካው መጥረቢያ ወድቆ፣ እሷ ነጠላዋን አገልድማ፣ "ማንም ይጠጋና እንተያያለን!" እያለች ትዞራለች።

ጎረቤቷ አስካለች ፊቱን እንኳ ላልብሰው ብላ ብትቀርብ ገፍትራ መለሰቻት።

"ወይ ጉድ! ይቺ ናት እናት?" አለች አስካለች።

ትበል! ዲንቄ ያየችውን አይታለች። የዚያ ሰፈር ሰው መጥረቢያው እንዳይሰረቅበት ዛቢያውን፣ የእንጨት እጀታውን፣ በጋለ ብረት ይተኩሰዋል፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው። የዚህኛው ዛቢያ ምልክት የጫካው ዘበኛ የዓምደ ሚካኤል ነው። ሰውዬው ሂርጳን ቅጠል ለቀምክ እያለ ሲዝትበት ከርሟል። ቅጠል እኮ ነው! ለምድጃ የሚሆን ደረቅ ቅጠል!

ዝናብ እየወረደባት ቆማ ጠበቀች። ከቀትር በኋላ አስር አለቃ ወንድይራድ ከፖሊስ ጣቢያ መጣና መጥረቢያውን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው።

"ልጄ፣ ምልክቱን አትጽፈውም?"

"እትዬ ዲንቄ፣ ደግሞ ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው? ጣቢያ ይጻፋል።"

አልተጻፈም። ወንድይራድ ክፋት የለበትም፤ ምነው ክፉ በሆነ! ክፉ ሰው ቢያንስ የያዘውን ነገር ያውቃል። መጥረቢያውን ቁራጭ ወረቀት እንኳ ሳያስርበት በር ኋላ አስደግፎት ሄደ። ክረምት ነው፣ ብርዱ አያስቀምጥም፤ ፖሊሶቹ እንጨት ፈለጡበት። ዛቢያው ተሰበረ። ስባሪውን ማገዱትና፣ ለመጥረቢያው ጎሽ የሚያሰኝ አዲስ ዛቢያ ጠርበው አስገቡለት።

ዲንቄ ይህን የሰማችው ችሎት ቆማ ነው።

"ምልክት ነበረው?" ሲሉ ዳኛው ወንድይራድን ጠየቁት።

"ጌታዬ፣ ልብ አላልኩም።"

"ሌላ ያየ ሰው አለ?"

ማን ይየው? ማንንም አላስጠጋችም። ሌላው እንዳይነካካው ብላ፣ ለእውነቱ ብላ፣ ብቻዋን ያየች እሷ ናት። አስካለችን የገፈተረችበትን እጇን ልትቆርጠው ፈለገች።

የእናት ቃል ብቻውን አልበቃም፤ ዓምደ ሚካኤል በነጻ ተለቀቀ። መጥረቢያው የኔ አይደለም ብሎ ምሎ ነበርና፣ የችሎቱ ጸሐፊ ዲንቄን ጠራት።

"እናቴ፣ መጥረቢያውን ያገኙት እርስዎ ስለሆኑ ይረከቡት።"

ጸሐፊው ርዝመቱን ለካ። ቀኑን ጻፈ፣ የብረቱን ዝገት ጻፈ፤ "ዛቢያው አዲስ፣ ምልክት የሌለው" ብሎም ጻፈ። ሁለት እማኝ አስፈረመ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አስጫናት።

"እንዲህ አድርጋችሁ መጻፍ ታውቁ ኖሯል?" አለችው።

"እንዴታ እናቴ!" አላት ጸሐፊው፣ ማኅተሙን እየመታ። "ሕግ አይደል እንዴ!"