በጣት የገባችው ሪንግ

ማክሰኞ ነው ነገር የተበላሸው፣ ሐሙስ አይደለም፣ ሐሙስ ጥፋቱን የመረመረው ኮሚቴ የተሰበሰበበት ቀን ነው፣ ሰው ሲያወራው ግን ሐሙስን ይጠራል፣ ሞተሩ የፈነዳው ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ አሥራ አራት ዓመት አልፎም እሱ ደቂቃዋን አልረሳትም። የዩኒቨርሲቲው መሞከሪያ ክፍል፣ ሁለት ተመራቂዎች፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ጠርሙስ ናይትረስ፣ የሞተር ጉልበት የሚጨምረው ጋዝ። አንደኛው እሱ ነው፣ ጠርሙሱን የከፈተው። ሁለተኛው ሞተሩን የገጠመው፣ ይኸው አሁን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ጫማው ዘይት እንዳይነካበት እንደ ዶሮ አንድ እግሩን የሚያነሳው፣ ዶክተር፣ የእህቱ ባል።

የእህቱ ባል። ወንድ የጠፋ ይመስል።

እሱ ጎንበስ ብሎ የዶክተርን ፒክአፕ ሞተር ያያል፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ወርዷል፣ ስምንቱ ሲሊንደሮች አፋቸውን ከፍተዋል፣ ጠዋት እሳት የሚጭሩትን አሮጌ ካንዴላዎች አውጥቶ ሙቀት የሚችሉትን አዘጋጅቷል፣ የነዳጅ ፓምፑን በጠንካራ ለውጦታል፣ አዲሶቹ ፒስተኖች በጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል፣ የቀረው ሪንግ ነው። ጋዙ ሲረጭ ኦክስጅን ይበዛል፣ ነዳጅም አብሮ ይበዛል፣ እሳቱ ይበረታል፣ ብረት ደግሞ ሲግል ያብጣል፣ ስለዚህ ፒስተኑን የምታቅፈው ሪንግ በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ሊተውላት ግድ ነው፣ ካልተተወላት ጫፍና ጫፏ ይጋጠማል፣ መሄጃ ታጣለች፣ ፒስተኑን ይዛ ትሰበራለች። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ጠርሙሱን አብዝተህ ከፍተህ ነው የተባለው። የኮሚቴው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፣ ተማሪው የጋዙን መጠን ከተፈቀደው በላይ በማሳለፉ ለደረሰው ጉዳት ሙሉ በሙሉ ኃላፊ ሆኖ ተገኝቷል። ሙሉ በሙሉ። ሥራ ሊጠይቅ በሄደበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ደብዳቤው ቀድሞት ይደርስ ነበር፣ እሱ ሳይቀመጥ ደብዳቤው ወንበር ይዞ ይጠብቀው ነበር።

ሪንጎቹን ማን ለካ፣ ብለው ጠይቀዋል እኮ፣ ከኮሚቴው መነጽር ያደረገው ሰውዬ ጠይቋል፣ እሱ ነው፣ አለ ዶክተር፣ ያኔ ገና ዶክተር አይደለም፣ እሱ ነው የለካው፣ እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። የልኬቱ ወረቀት ይምጣና የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ይታይ ቢል፣ ወረቀቱ ጠፍቷል ተባለ። በዚያ ዓመት አንድ የረዳት መምህርነት ቦታ ነበር። አንድ ብቻ።

እሺ በለኝ፣ አለችው እህቱ ባለፈው ሳምንት፣ እሁድ የመኪና ውድድር አለው፣ ከአንተ ሌላ ማንንም አያምንም፣ ለእኔ ስትል። ያምናል አለች፣ ስሙልኝ። እስከ መቼ ነው ቂም ታቅፈህ የምትኖረው የኔ ወንድም፣ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። አይሠራም? ባልሽ ባለ ሦስት ፎቅ ሠርቶበት የለም እንዴ! አላላትም። እሺ እህት ዓለም ነው ያለው፣ እሺ ማለት ምን ይከብዳል፣ አሥራ አራት ዓመት ለምዶታል።

ኢንጂነር፣ ይላል ሽማግሌው የጋራዡ ባለቤት ከወዲያ፣ እንግዳህን በር ላይ ታቆማለህ? አስገባው እንጂ።

ይግባ አባባ፣ ማን ከለከለው። ና ዶክተር፣ ሞተሩ ያንተ ነው፣ ሪንጓን አንተው ለካት።

እኔ? ይስቃል ሰውየው፣ ምነው ወንድሜ፣ ልታስቅብኝ ነው? ሽማግሌውም ይስቃል፣ እዚህ ቤት ሕግ አለን ዶክተር፣ የለካ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይፈርማል፣ ኋላ እኔ አይደለሁም የሚባል ነገር የለም። ይህን ሲሰማ የዶክተር ፊት ይለወጥ እንደሆነ ኢንጂነር ሰርቆ ያየዋል፣ አልተለወጠም፣ የወጋ ይረሳል የሚባለው እውነት ነው ማለት ነው፣ ወይስ ፊቱ ከድሮም ቆዳ ሳይሆን ጎማ ነው። ዶክተር ኮቱን ያወልቃል፣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ወንበር እንዳላሰነፈኝ ታያላችሁ፣ ይላል።

ሪንጓን ያነሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ይከታታል። በጣቱ ይገፋታል።

በጣቱ!

ፒስተን ገልብጦ አልገፋትም፣ ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ አላደረገም፣ በሌባ ጣቱ በአንድ በኩል ተጫናት፣ ዘምማ ወረደች፣ የዘመመች ሪንግ ደግሞ አፏን ትከፍታለች፣ ያልሆነችውን ሰፊ መስላ ትታያለች፣ ይህን እጁን ያቆሸሸ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ነበር ለካ። ያን ቀን እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ጠርሙሱን ሲመዝን፣ ይህቺው ጣት ነበረች። አሥራ አራት ዓመት በወረቀት ሲያሰላው የኖረውን ጥያቄ አንዲት ጣት ፈታችው።

ዶክተር ከክፍተት መለኪያዎቹ ስስ ብረቶች አንዷን ያስገባል፣ ሰባ፣ ይላል፣ ሰባ መቶኛ ሚሊሜትር፣ ልክ እንደሚፈለገው፣ ሞረድ እንኳ አያስፈልጋትም፣ ዓይኔ ድሮም ሚዛን ነው። ይጽፋል። ይፈርማል። ሽማግሌው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ አይቷል ማለት ነው፣ ትናገራለህ ወይስ ልናገር በሚል አስተያየት ወደ ኢንጂነር ዞሯል፣ ኢንጂነር በዓይኑ ተወው ይለዋል።

ዝም ማለት ነው። ምንም መሥራት የለበትም፣ ደግነቱ ይኼ ነው፣ ያበላሸው ነገር የለ፣ የነካው ነገር የለ፣ ዝም ብቻ። ይገጠም፣ እሁድ ይሂድ፣ ሕዝብ ይሰብሰብ፣ ጋዙን የሚለቀውን ቁልፍ ይጫን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ጓ! ጭሱ ከኮፈኑ ሥር ይውጣ፣ ስብርባሪው አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠብ፣ ሰው ይሳቅበት፣ ፊርማው የራሱ፣ የእጁን ያግኝ። ይጣፍጣል። ሲያስበው ምራቁ ይሞላል። ከዚያስ? ከዚያ ዶክተር ከመኪናው ይወርዳል፣ ልብሱን ያራግፋል፣ ማን ነበር የሠራልህ ይሉታል።

እሱ ነው።

እሱ ነው ይላል፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ዘመድ ነው ብዬ፣ ጋዙን አብዝቶት ይሆናል። እህቱም ታምነዋለች። ወረቀቱስ? ወረቀት ይጠፋል፣ ያኛው የት ገባ። እንደገና፣ በሁለት ሞተር፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊወነጀል። አይ። የጠበቀው የተሰበረ ፒስተን አልነበረም፣ ፒስተን ገበያው ሞልቷል፣ የጠበቀው ያ አፍ የዋጠውን ቃል እስኪተፋው ነው።

ኢንጂነር ፒስተን ያነሳል፣ ይገለብጠዋል፣ ሪንጓን ቀጥ አድርጎ ይገፋታል። እነዚያኑ መለኪያዎች በየተራ ይሞክራል። ሰባዋ አትገባም፣ ስልሳዋም አትገባም፣ አርባ አምስቷ እየታሸች ትገባለች። ና እየው ዶክተር፣ አርባ አምስት ናት፣ በጣት ስለገፋሃት ዋሸችህ፣ እንዲህ ሆና እሁድ ብትወጣ ሞተርህ ይበተን ነበር። ዶክተር ጎንበስ ይላል፣ ያያል፣ ፈገግታው ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ይረግፋል፣ ጎማው ፊት ቀለም ይለውጣል፣ ታወሰው፣ ወይም ረስቶት አያውቅም። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ይላል፣ ድምፁ ቀጥኗል፣ አዳንከኝ፣ በል እንሞርዳት፣ እንሞርዳት።

ትሞረዳለች፣ ይላል ኢንጂነር፣ ለእሷ አትቸኩል፣ እኔ እሞርዳታለሁ፣ ሞተርህም ደህና ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ፣ እዚህ ኮሚቴ የለ፣ ደብዳቤ የሚጽፍብህ የለ። ያን ማክሰኞ ሪንጎቹን በጣቱ የገፋቸው ማን ነው? ወደ ሽማግሌው አትይ፣ ኮትህንም አታንሳ፣ ለእህቴ ስል እሺ ብያለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ለራሴ ስል ነው፣ እኔን እያየህ፣ በአፍህ፣ ማን ለካ? ምን ያፈዝዝሃል፣ መልስ እንጂ አንተ ሰው፣ መልስልኝ!