የማይዋዥቀው እሁድ

ምንያህል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ አሁን ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ ሆቴል ያስተዳድራል። ሆቴሉን የከፈተው ወንድሙ ከፈለ ታሞ ሲጠራው "ክረምቱን ላግዘውና እመለሳለሁ" ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ ወንድሙን ቀብሮ ከሟች ሚስት ከአልጣሽ ጋር ጄኔሬተርና እንግዳ ሲጠብቅ ሦስት ክረምት አለፈው። ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል።

ልቡ ግን ሆቴሉ ውስጥ አልነበረም። ልቡ የቀረው ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከትሕትና ጋር ጎን ለጎን ይቆሙበት በነበረው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። ያጠኑት የነበረው ኤሌክትሮን፣ ዓይን በማያየው እጅግ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ነበር። እዚያ ኤሌክትሮን በቧንቧ እንዳለ ውሃ አይፈስም። አንድ በአንድ ይመጣል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ወይ ያልፋል ወይ ይመለሳል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፍሰቱ ይዋዥቃል። ሌላው ሰው ይህን መዋዠቅ እንደ እንከን ቆጥሮ ሊያጠፋው ሲታገል እነሱ ቁጭ ብለው ያዳምጡት ነበር፤ የበሩን ነገር የሚያወራው እሱ ነዋ! የጋራ ጽሑፋቸውን በምዕራፍ ሲካፈሉ ለመዘጋት ጥቂት የቀረው ጠባቡ በር ለምንያህል፣ ወለል ብሎ የተከፈተው ለትሕትና ደረሰ። በዚያው መሀል ተዋደዱ። "ዶክትሬቴን ስጨርስ እንጋባለን" ብላው ነው ጀርመን የሄደችው።

መጀመሪያ ላይ ስልኳ ቀን አልነበረውም። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጭጭ። ኋላ ላይ ጥሪው ረጋ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁልጊዜ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት። በግቢው ኔትወርክ ደህና የሚይዘው የውሃ ታንከሩ መቆሚያ ላይ ስለሆነ ምንያህል ሰዓቱ ሲደርስ መሰላሉን ይወጣል። አልጣሽ ከታች ሆና "መምህራችን ሊያርግ ነው!" እያለች ትስቅበታለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ በሚለው ነገር ይህ ሞኝ ሆድ ባሰው። መዋዠቁ ከጠፋ ፍቅሩም በርዷል ብሎ ደመደመ። እንደ ቆጣሪ አንባቢ ቀን ጠብቆ የሚመጣ ድምፅ ግዴታ ነው እንጂ ናፍቆት አይደለም አለ።

የ2003 ዓ.ም. ገና ዓርብ ዋለ። ምንያህል ቀኑን ሙሉ መሰላሉ ሥር ሲንጎራደድ ዋለ፤ ትሕትና አልደወለችም። በሣልስቱ፣ እሁድ ዕለት፣ ደቡብ ሱዳኖች ስለ ነፃነታቸው ድምፅ ሊሰጡ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፉ። ከተማው ከበሮና እልልታ ሆነ፤ ስልክ የሚባል ነገር ግን እምቢ አለ። የሆቴሉ ዘበኛ በዓረብኛ "ሸበካ ማፊ!"፣ ኔትወርክ የለም፣ እያለ የማይሠራ ስልኩን መዳፉ ላይ ይመታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን መሰላሉን የወጣው የምንያህል ስልክ ጮኸ።

"እንኳን አደረሰህ፣ የኔ ጌታ" አለችው ትሕትና።

"ገናማ አለፈ" አለ። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "ስሚ ትሕትና፣ ግዴታ ከሆነብሽ አትደውዪ። ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ አላጣሁትም። መዋዠቅ የለውም፤ የሞተ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከመንገዱ ማዶ ከበሮው ይሰማል።

"ከንጋት ጀምሮ ስሞክር ነበር" አለች ትሕትና። "መስመሩ እምቢ ሲለኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሰላሉ ላይ ብቻህን ቆመህ ልትቀር ነው ብዬ አለቀስኩ። ለገና ቤተ ሙከራ ነበርኩ፤ እሁድ የኛ ስለሆነ አልተጨነቅኩም። ምንያህል፣ የኔን ምዕራፍ አላነበብከውም እንዴ? በሩ ወለል ብሎ ሲከፈትም እኮ መዋዠቁ ይጠፋል። የመጣው ሁሉ ያልፋል፤ የሚመለስ የለም።"

አንብቦት ነበር፤ በእጁ ሁሉ ገልብጦታል። መልስ ሳይሰጥ መስመሩ ተቋረጠ፤ እስኪመሽ ቢደውል ቢደውል አልያዘለትም።

ሲወርድ አልጣሽ ፊቱን አይታ ጠየቀችው፤ ነገራት።

"የተማረ ይግደለኝ አሉ!" አለች። "ሰው በሰዓቱ ሲመጣ ይከፋል? ከፈለ ሲሞት ያጣሁት ምን መሰለህ? ሁልጊዜ ለምሳ ያ በር ሲንኳኳ ነው። እሱን ሰዓት የሚመልስልኝ ባገኝ!" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በማግስቱ ምንያህል ይቅርታ ጠየቀ፤ ትሕትናም ይቅር አለችው። "ተወው፣ ናፍቆት ነው ያናገረህ" አለችው። የሚቀጥለው እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ግን ዝም ብሎ አለፈ። ማክሰኞ ደወለች። ከዚያ ብዙ ቀን ጠፋች፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ለአፍታ። ሐምሌ ላይ አዲሱ አገር ባንዲራውን ሲሰቅል ከጠፋች ሰነባብታ ነበር፤ ከበዓሉ በኋላ በአንድ ቀን ሁለቴ ደወለች። ስልኳ ልክ እንደ ድሮው፣ እሱ እንደተመኘው መዋዠቅ ጀመረ።

ሊዘጋ ጥቂት በቀረው በር የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ፣ ያውም ሳይታሰብ ነው፤ ጠባቡ በር የምንያህል ምዕራፍ ነበርና ትርጉሙን የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ግን አሁንም መሰላሉን ይወጣል። አልጣሽም መሳቅ ትታለች፤ እስኪወርድ ድረስ ምሳውን ከድና ታቆይለታለች።