ከኋላ የቀረው ልጅ

ፍቅርአዲስ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ አጸደ ሕፃናት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ታስተምራለች። ልጆቹ ከተረት መጻሕፍቱ ሁሉ አጥብቀው የሚወዱት አንድ አለ፤ ጠንቋይ እናታቸውን ወደ ድንጋይ የለወጠባቸው ሰባት ወንድማማቾች ሊያስለቅቋት የሚሄዱበት። መካከለኛው ገጽ ላይ ሰባቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዝ ሲሻገሩ ተሥለዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ያንን ገጽ ወደ ልጆቹ አዙራ፣ «ስንት ናቸው? እንቁጠር!» አለች።

«ስምንት!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ሳቀች። «እስቲ እንደገና።» ጣቷን በእያንዳንዱ ራስ ላይ እያሳረፈች አብራቸው ቆጠረች። ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ልጆቹ ግን አላቆሙም።

«ቲቸር፣ አንዱን ዘለልሽው» አለች ትዝታ፣ ከፊት የምትቀመጠው ጥርሷ የወለቀ ልጅ።

«የቱን?»

ትዝታ ተነሥታ መጣችና ከመጨረሻው ልጅ ኋላ፣ ድፍርስ ውኃ ብቻ የተሣለበት ላይ ጣቷን አደረገች። «ይሄን ትንሹን። እጁን የያዘው የለም።»

ፍቅርአዲስ መጽሐፉን ዘጋችው። የዕረፍት ደወል ሳይደወል ልጆቹን ወደ ሜዳው አወጣቻቸውና ብቻዋን ገልጣ አየችው። ሰባት። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ሰባት።

ትዝ ያላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የሆነው ነው። የስድስት ዓመት ወንድሟን ይሻውን እየመራች ከአክስታቸው ቤት ስትመለስ፣ አንበሳሜ አጠገብ ያለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቃት። ሲሻገሩ መሀል ላይ ልጁ ከእጇ ወጣ። ለቀስተኛው ሲጠይቃት «ውኃው ነጠቀኝ» አለች፤ ሁሉም አመናት። እውነቱ ሌላ ነበር። የፕላስቲክ ጫማዋ ወልቆ ሲንሳፈፍባት እሱን ልትይዝ የወንድሟን እጅ ለቀቀች። ጫማውን ያዘችው።

ማክሰኞ ጠዋት መጽሐፉን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ልጆቹ ሌላ ተረት አንሰማም አሉ። ረቡዕ ዕለት ትዝታ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ለምን ቆለፍሽበት? ይፈራል እኮ» አለቻት።

«ማን ነው የሚፈራው?»

«ልጁ ነዋ። ስትገልጭው አንቺን ብቻ ነው የሚያየው።»

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ከጀርባዋ የቆመ ሰው ያለ እየመሰላት ትዞራለች። ቅዳሜ ሲደርስ ሚኒባስ ተሳፍራ አንበሳሜ ወረደች።

እናቷ ወይዘሮ ዓለሚቱ ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠችና ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ሁሉንም ተናገረች፤ የመጽሐፉን፣ ትዝታ ያለቻትን፣ በመጨረሻም የጫማውን ነገር።

የእናቷ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«የጫማውን አውቃለሁ» አሉ። «ባንድ እግርሽ እያነከስሽ፣ ጫማሽን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ነው የመጣሽው። ምን እልሽ ነበር? አንቺም የኔው ልጅ ነሽ።»

ፍቅርአዲስ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናቷ ግን አላለቀሱም። ሌላ ነገር ይዟቸዋል።

«ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ዘንድ በሕልም እንኳ አልመጣም» አሉ። «ከልጆቹ ጋ ውሰጅኝ።»

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በልጆቹ መካከል ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፍቅርአዲስ ቁም ሳጥኑን ከፍታ መጽሐፉን አወጣችና ተረቱን ጀመረች። ወንዙ ጋ ስትደርስ ልጆቹ ማንም ሳይጠይቃቸው ቆጠሩ። ስምንት።

እናቷ አጎንብሰው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ፈለጉ። ለእሳቸውም ሰባት ነበሩ።

«የት ጋ ነው፣ የኔ እናት?» አሉ ትዝታን።

ልጅቱ የእጃቸውን ጣት ይዛ ውኃው ላይ አሳረፈችላቸው። «እዚህ ጋ። አሁን ወደ አንቱ ዞረ።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ መዳፋቸውን ገጹ ላይ ዘረጉና አላነሡትም። ቀጣዩን ገጽ መግለጥ ስላልተቻለ፣ የቀረውን ተረት ፍቅርአዲስ በቃሏ ጨረሰችው።